የዛሬውን ሥራ ስለ መጠበቅና ለነገው ስለ መዘጋጀት

በንግድም ሆነ በማናቸውም ሥራ ላይ የተሠማራ ሰው ሁሉ ሁለት ዕዳ አለበት። አንደኛው በእጁ ያለውን ሥራ አጥብቆ ይዞ፤ ደንበኛውን ሳያስቀይም፤ የሠራተኛውን ደመወዝ በጊዜው እየከፈለ፤ ትርፉንና ኪሣራውን እየተቈጣጠረ መኖር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዛሬ የሚያበላው ሥራ ነገ ላያበላው እንደሚችል ዐውቆ፤ ገና ያልታየውን አስቀድሞ መፈለግና ማዘጋጀት ነው። እነዚህ ሁለት ዕዳዎች ለየብቻቸው ሲታዩ ማንም የማይክዳቸው ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ባንድ ገንዘብ፤ ባንድ ጊዜና ባንድ አለቃ ላይ ተደርበው የተገኙ እንደ ሆነ ነው።

የአገራችን ሰው ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት፤ አዲስ ነገር አገኛለሁ ብሎ በእጁ ያለውን የሚበትነውን ሰው ይገሥጻል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውም፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚነሣውን ሰነፍ ይነቅፋል። ሁለቱም ተረቶች እውነት ናቸው። ጉዳት የሚመጣው ሰው አንዱን ይዞ ሌላውን የረሳ እንደ ሆነ ነው፤ ፈሪው የመጀመሪያውን፤ ችኩሉ ሁለተኛውን እየጠቀሰ ለየጥፋቱ ምክንያት ያደርገዋልና።

ይህ ነገር ዛሬ በአገራችን የክርክር ጨዋታ ብቻ አይደለም። የውጭ አገር ባንክ ለብዙ ዘመን በኢትዮጵያ ውስጥ እንዳይሠራ ተከልክሎ መኖሩ የታወቀ ነው፤ በታኅሣሥ ወር 2017 ዓ.ም. ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍተውን ዐዋጅ አጽድቋል። በዚያው ዓመት በጥር ወር የአክሲዮን ገበያ በአዲስ አበባ ተመርቋል። ከዚያም አስቀድሞ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ ሥራውን ጀምሯል። እንግዲህ በአጥር ውስጥ ሆነው ከውጭ ተወዳዳሪ ተጠብቀው የኖሩ ቤቶች ሁሉ፤ አጥሩ እየተከፈተ ሲሄድ፤ የያዙትን ሳይለቁ አዲሱን እንዴት ይጨብጡ የሚለው ጥያቄ በደጃቸው ቆሟል። ስለዚህ ይህ ፈተና አስቀድሞ የደረሰባቸው የሌላ አገር ሰዎች እንዴት እንደ ወደቁና እንዴት እንደ ቆሙ መመርመር ጥቅም አለው። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው የውጭ አገር ታሪክ ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በዚህ ነገር ዘወትር በምሳሌነት የሚነሣው ኮዳክ የሚባለው የአሜሪካ የፎቶግራፍ ኩባንያ ነው። መሥራቹ ጆርጅ ኢስትማን በሮቸስተር ከተማ በባንክ ቤት የሒሳብ ጸሐፊ ሆኖ ሲኖር፤ በ1880 ለፎቶግራፍ ማንሻ የሚሆን ደረቅ የመስታወት ሰሌዳ መሥራት ጀመረ። መስታወቱ ግን ከባድና ተሰባሪ መሆኑን ተመልክቶ፤ ራሱ የሚሸጠውን ዕቃ የሚሽር ተጠቅላይ ፊልም አዘጋጀ። በ1888 መቶ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ፊልም በውስጡ ያለበትን ኮዳክ የተባለ ቀላል መሣሪያ በ25 ዶላር ለገበያ አቀረበ፤ በ1900 ደግሞ ባንድ ዶላር የሚሸጥ ሌላ መሣሪያ አወጣ። ከዚያ በኋላ የኩባንያው ብልኀት መሣሪያውን በርካሽ ሸጦ፤ ትርፉን ከፊልሙ፤ ከወረቀቱና ፊልም ከሚታጠብበት መድኃኒት ማግኘት ነበረ። ሰው ልጁን በዳረ፤ በዓል ባከበረ፤ መንገድ በሄደ ቍጥር ፊልም ስለሚገዛ፤ ገቢው እንደ ምንጭ ውሃ የማይቋረጥ ሆነ።

በ1975 በዚያው ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ስቲቨን ሳሰን የተባለ ወጣት መሐንዲስ ፊልም የማያስፈልገው የፎቶግራፍ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው ከሦስት ኪሎ ተኩል በላይ የሚመዝን፤ አንዱን ፎቶግራፍ በካሴት ክር ላይ ለመቅረጽ 23 ሰከንድ የሚፈጅ ነበረ፤ የሚያሳየውም መልክ ጥቁርና ነጭ፤ ደብዛዛም ነበረ። ቢሆንም ዛሬ በየሰዉ ኪስ ውስጥ በስልክ ላይ የሚገኘው የዲጂታል ካሜራ አባት እርሱ ነው። በ1981ም ኩባንያው ራሱ ያስደረገው ምርመራ አዲሱ ዘዴ ፊልሙን ሊተካ እንደሚችል፤ ለመዘጋጀት ግን ዐሥር ዓመት ያህል ጊዜ እንዳለ አስታወቀው።

እንግዲህ ኮዳክ ሳያውቅ ጠፋ እየተባለ የሚነገረው ትክክል አይደለም። ዐውቋል፤ ገንዘብም አውጥቶበታል፤ ብዙ የፈጠራ መብትም አስመዝግቦበታል። በኋላም በአሜሪካ ገበያ ዲጂታል ካሜራ ከሚሸጡት ቀዳሚዎች አንዱ ሆኖ ነበር። የጎዳው የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የሚዛን ስሕተት ነው። ፊልሙ የሚሰጠው ትርፍ እጅግ ከፍ ያለ ስለ ነበረ፤ አዲሱ ሥራ ከእርሱ ጐን በተመዘነ ቍጥር ቀልሎ ይታይ ነበር። አዲሱን ለማስፋት የሚወጣው እያንዳንዱ ዶላር ከአሮጌው ትርፍ የሚቀነስ መሰለ። እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ የነገው ሥራ ምንጊዜም የዛሬውን ሊረታ አይችልም፤ ዛሬ በጐተራ ያለው እህል ገና ካልበቀለው ሁልጊዜ ይበልጣልና።

ሌላም ነገር አለ። ኩባንያው በ1988 የገዛውን የመድኃኒት ፋብሪካ በ1994 ሸጠ፤ በዚያው ዓመት የኬሚካል ሥራውን ለይቶ ራሱን እንዲችል አደረገው። ይህ የተደረገው ዕዳን ለማቃለልና በፎቶግራፉ ሥራ ላይ ለማተኰር ነበር። ለጊዜው ምክንያት ያለው መሰለ፤ ነገር ግን የፊልም ዕውቀት ወደ ሌላ ሥራ ሊያልፍባቸው ይችሉ የነበሩትን በሮች በገዛ እጅ መዝጋት ነበረ። በጥር ወር 2012 ኮዳክ ከአበዳሪዎቹ እንዲጠበቅ ለፍርድ ቤት አመለከተ። ከዚያ በፊት በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሮቸስተር ብቻ ከ60,000 የሚበልጥ ሰው ይሠራለት ነበር። የአንድ ኩባንያ አለቆች በየዓመቱ የሠሩት ትንሽ ትንሽ ስሕተት ተጠራቅሞ፤ የአንዲትን ከተማ እንጀራ እንዳጎደለ ልብ ሊባል ይገባል።

በሌላ ወገን በጃፓን አገር በ1934 የተቋቋመው ፉጂ የተባለው የፊልም ኩባንያ ይኸው ማዕበል ደርሶበት ነበር። በ2000 በዓለም የሚሸጠው ባለቀለም ፊልም ከሁሉ ዘመን የበለጠ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ግን እንደ ገደል መውረድ ጀመረና በዐሥር ዓመት ውስጥ ከዐሥር አንድ እጅ እንኳ አልቀረም። በዚያው በ2000 የኩባንያው ፕሬዚዳንት የሆነው ሺጌታካ ኮሞሪ መጀመሪያ ያደረገው ነገር፤ በቤቱ ውስጥ ያለው ዕውቀት ምን ምን እንደ ሆነ ማስቈጠር ነበር። ጥያቄው ምን እንሸጣለን ሳይሆን ምን እናውቃለን የሚል ሆነ።

መልሱ ያስገርማል። ፊልም ሲሠራ ኮላጅን ከሚባለው የቆዳና የአጥንት ንጥረ ነገር ጋር ብዙ ዘመን የኖረ ባለሙያ፤ የሰው ፊት ቆዳም በዚያው ንጥረ ነገር የተሠራ መሆኑን ተረዳ። ፎቶግራፍ ቀለሙ እንዳይደበዝዝ የሚጠብቀው ብልኀትም ቆዳን ከማርጀት ለመጠበቅ የሚረዳ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የተነሣ ኩባንያው የፊት ቅባት መሸጥ ጀመረ። ለፊልም መደገፊያ ሲሠራ የነበረውንም ስስ ሽፋን ለቴሌቪዥንና ለኮምፒዩተር ገጽ እንዲሆን አድርጎ አስፋፋው። በ2008 ደግሞ የመድኃኒት ኩባንያ ገዛ። ከንባብ ቤት ወደ ቅኔ ቤት የሚያልፍ ተማሪ ፊደሉን ጥሎ እንደማይሄድ ሁሉ፤ ፉጂም ወደ አዲሱ ሥራ ሲያልፍ የቀድሞውን ዕውቀት ይዞ አለፈ።

ይሁን እንጂ ይህ ያለ ሥቃይ አልሆነም። በ2006 በፎቶግራፉ ክፍል ወደ 5,000 የሚሆን የሥራ ቦታ እንዲቀነስ ተወሰነ። አሮጌውን ሥራ በመጠኑ ማሳነስ ከባድ ነው፤ ነገር ግን መጠኑን ሳያሳንሱ ቆይቶ ባንድ ቀን መዝጋት ከዚያ የከፋ ነው። ደግሞም ፉጂ ፎቶግራፍን ጨርሶ አልተወም። በ1998 ያወጣው፤ ፎቶግራፉን ወዲያው በወረቀት የሚያወጣ ትንሽ መሣሪያ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በወጣቶች ዘንድ እንደገና ተወዶ ጥሩ ገቢ ያስገባለት ጀመር። አዲስ የሆነ ሁሉ በጎ፤ አሮጌ የሆነ ሁሉ ከንቱ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

እስከዚህ የተነገረው በአሮጌው ላይ ተኝቶ ስለ መቅረት ነው። የቆጡን ሊያወርድ ብሎ የብብቱን ለጣለው ምስክር የሚሆነው በእንግሊዝ አገር የነበረው ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ ካለው ስመ ተመሳሳይ የተለየ ነው። ሎርድ ዋይንስቶክ ከ1963 እስከ 1996 ሲያስተዳድረው፤ እያንዳንዷን ወጪ በጥንቃቄ እየመረመረ ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ገንዘብ አከማችቶ ነበር። ገንዘቡን አስቀምጦ አዲስ ሥራ አይሞክርም እያሉ የሚነቅፉት ብዙዎች ነበሩ፤ ነቀፋቸውም ከንቱ አልነበረም። ከእርሱ በኋላ የመጡት አለቆች ግን ይህን ለማረም ብለው ወደ ሌላው ጽንፍ ሮጡ። በ1999 ለመከላከያ የሚሆኑ መሣሪያዎች የሚሠራውን የጸና ክፍላቸውን ለሌላ ኩባንያ አስተላለፉ፤ ስማቸውን ማርኮኒ ብለው ለወጡ፤ ከስድስት ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው የቴሌኮም ዕቃ የሚሠሩ ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች ገዙ።

በ2001 የቴሌኮም ዕቃ ገበያ ወደቀ። በ2000 ከ12 ፓውንድ በላይ ይሸጥ የነበረው አክሲዮን በ2002 በሳንቲም የሚቈጠር ሆነ፤ በ2003 ኩባንያው ከሞላ ጐደል ለአበዳሪዎቹ ተላለፈ፤ በ2005ም አብዛኛው ክፍሉ ለስዊድኑ ኤሪክሰን ተሸጠ። የቴሌኮም ሥራ ወደፊት ይስፋፋል ብለው ያሰቡት ሐሳብ እውነት ነበር፤ ዓለም ሁሉ ዛሬ በዚያ ሥራ ተያይዟል። የጠፉት ስለ ነገው ስለ ተሳሳቱ ሳይሆን፤ ነገ እስኪደርስ ድረስ የሚበሉትን ስላላስቀሩ ነው። ባንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ስሕተት ተራ በተራ መታየቱ፤ ከአንዱ ጥፋት መሸሽ ብቻውን ወደ ደኅንነት እንደማያደርስ ያስተምራል።

ከእነዚህ ከሦስቱ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ጄምስ ማርች የተባለው የአሜሪካ ሊቅ በ1991 ባወጣው ጽሑፍ፤ የያዙትን ማሻሻልና ያልታወቀውን መፈለግ ባንድ ሀብት ላይ የሚሻሙ ሁለት ሥራዎች መሆናቸውን ገልጿል። የያዙትን ማሻሻል ፍሬው ቅርብና የተረጋገጠ ነው፤ ያልታወቀውን መፈለግ ግን ፍሬው ሩቅና የሚያጠራጥር ነው። ስለዚህ ማንም ክፋት ሳያስብ፤ ሁሉም ሰው ሥራውን በትጋት እየሠራ፤ ቤቱ ቀስ በቀስ ወደ ቅርቡ ያዘነብላል። የዛሬው ሥራ ጠበቃ ብዙ ነው፤ ደንበኛው በደጅ ቆሟል፤ ሠራተኛው ደመወዙን ይጠብቃል፤ ባለ አክሲዮኑ ትርፉን ይጠይቃል። የነገው ደንበኛ ግን ገና አልመጣምና በጉባኤ ላይ ተነሥቶ የሚናገርለት የለም።

የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን ነገር ያለ ሊቅ ያውቀዋል። ምርቱን ባስገባ ጊዜ ለዘር የሚሆነውን ለይቶ ያስቀምጣል፤ በክረምት ቤተ ሰቡ ቢቸገር እንኳ ወደዚያ ላለመድረስ ይጨነቃል። ነገር ግን ያለውን እህል ሁሉ ከመሬት አይዘራም፤ እስከ መስከረም የሚበላውን ያስቀራል። ስለ አዲስ ዘር ቢነገረው ማሳውን በሙሉ አይሰጠውም፤ በጠርዙ ላይ በትንሽ መደብ ይሞክረዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሰኔ የዘራውን ዘር በሐምሌ ምን አተረፍህ ብሎ የሚጠይቅ ገበሬ የለም። በሐምሌ የሚጠይቀው በቅሏል ወይ፤ አረሙስ ታርሟል ወይ ብሎ ነው።

የነገሩ ሁሉ ሥር በዚህ ላይ ነው። የዛሬው ሥራ የሚለካው በትርፍ፤ በጥራትና በቅልጥፍና ነው። የነገው ሥራ ግን በጅምሩ መለካት ያለበት ምን ተማርን፤ ስንት ሰው ሞክሮ ወደደው፤ ቀጥለን ብንሄድ ምን ያህል እንጐዳለን በሚለው ነው። ሁለቱን ባንድ መስፈሪያ የሚሰፍር አለቃ አዲሱን በእንጭጩ ይቀጨዋል፤ ወይም አሮጌውን ይንቀዋል። ስለዚህ ለአዲሱ ሥራ የራሱ ቦታ፤ የራሱ ሰዎችና በዓመቱ መካከል የማይነጠቅ የራሱ ገንዘብ ሊለይለት ይገባል። ገንዘቡም ቢጠፋ ቤቱን የማያፈርስ መጠን ሊኖረው፤ ሙከራውም የማይሆን መሆኑ ሲታወቅ የሚቆምበት ቀን አስቀድሞ ሊወሰንለት ያስፈልጋል። እንዲህ ካልሆነ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ይፈጸማል።

ምናልባት «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ዛፍ ባንድ ጊዜ አይወጣም። አንድ ቤት ግን ብዙ ልጆች አሉት፤ አንዱ ሲያርስ ሌላው ይነግዳል፤ አባት ሁለቱንም ያያል። የሚያስፈልገው ሠራተኛው ሁሉ ሁለቱን እንዲሠራ ሳይሆን፤ ከላይ ያለው አለቃ ሁለቱን ባንድ ዐይን ሳያዳላ እንዲያይ ነው። አሮጌውን ሥራ የሚሠሩትም ሊከበሩ ይገባል፤ የአዲሱ ሥራ ስንቅ የሚወጣው ከእነርሱ ላብ ነውና። የነገውን የሚሠሩት ሊቃውንት፤ የዛሬውን የሚሠሩት ኋላ ቀሮች የሚባሉበት ቤት፤ በገዛ ግድግዳው መካከል ጠላት ያፈራል።

ወደ አገራችን የተመለስን እንደ ሆነ የሚታይ ምሳሌ አይታጣም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፤ ቲ ደብሊው ኤ ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገው ስምምነት፤ በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ አደረገ። በጊዜው በውጭ ሰዎች እየተሠራ ሳለ፤ ነገ በራሱ ልጆች እንዲሠራ አብራሪዎችንና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ያዘ። ድሪምላይነር የተባለውን አውሮፕላን ያዘዘው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፤ ያን ጊዜ አውሮፕላኑ ገና አንድ ቀን እንኳ ወደ ሰማይ አልወጣም ነበር። የመጀመሪያውን በነሐሴ ወር 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ ተረከበ። በመካከሉ ባሉት ሰባት ዓመታት ቀድሞ የነበሩት አውሮፕላኖች በትጋት ሲበሩና ገቢ ሲያስገቡ ነበር። አዲሱ በተስፋ ሲጠበቅ አሮጌው አልተናቀም።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ዓለምን በያዘ ጊዜ መንገደኛ ጠፋ፤ ብዙ አየር መንገዶችም ከመንግሥታቸው ርዳታ ለመኑ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን ከበርካታ የመንገደኛ አውሮፕላኖቹ ወንበሩን አንሥቶ መድኃኒትና ልዩ ልዩ ጭነት እያመላለሰ ሥራውን ቀጠለ። ይህን ለማድረግ የቻለው በዚያች በጭንቅ ቀን ባገኘው ብልኀት ብቻ አልነበረም። የጭነቱን ሥራ በደኅናው ዘመን ሲያስፋፋ ስለ ቆየ፤ በ2009 ዓ.ም. እንኳ ሁለተኛ ትልቅ የጭነት መጋዘን አስመርቆ ስለ ነበረ ነው። በጥጋብ ቀን የተዘራው በችግር ቀን ደረሰ።

የቴሌኮሙም ነገር ሁለት ወገን ያለው ትምህርት ይሰጣል። በኬንያ ገንዘብ በተንቀሳቃሽ ስልክ መላክ የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን አገልግሎት የጀመረው በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ለዚህ መዘግየት ሕጉ አለመፍቀዱ አንዱ ምክንያት ነበር፤ ይሁን እንጂ ተወዳዳሪ የሌለው ቤት ለመንቃት እንደሚዘገይ መካድ አይቻልም። በሌላ ወገን ግን አገልግሎቱ የተጀመረው ተወዳዳሪው ሳፋሪኮም በአገራችን ሥራውን ከመጀመሩ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ ስለ ነበረ፤ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ከወዲሁ ለምዶት ቆየ። አጥሩ ከመከፈቱ በፊት የተነሣ ሰው፤ ከተከፈተ በኋላ ከሚነሣው እጅግ ይሻላል።

ዛሬ ተራው የባንኮችና የሌሎችም ኩባንያዎች ነው። ብዙ ካፒታልና ረጅም ልምድ ያለው የውጭ ባንክ በር በሚያንኳኳበት ዘመን፤ ባለ አክሲዮን ሁሉ የዓመቱ ትርፍ እንዳለ ይከፋፈልልን ብሎ በየጉባኤው ቢጮህ፤ ዘሩን ከጐተራ አውጥቶ መብላቱ ነው። አስተዳዳሪውም ሕንጻ በማሠራትና ቅርንጫፍ በማብዛት ብቻ የተሻለ መስሎት ቢታለል፤ የሚበልጠው ዝግጅት ሠራተኛን ማስተማርና ለገበሬው፤ ለአነስተኛው ነጋዴ የሚስማማ አዲስ አገልግሎት መሞከር መሆኑን ይስተዋል። እንዲሁም በአዲስ ነገር ፍቅር ተነጥቆ፤ ቈጣቢው ሕዝብ ያመነውን ገንዘብ ባልተመረመረ ሙከራ ላይ የሚያፈስ ቢኖር፤ ጥፋቱ ከመጀመሪያው አያንስም።

እንግዲህ ለእያንዳንዱ ጉባኤና ለእያንዳንዱ የሥራ አለቃ የሚበጀው፤ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ሲዘጋ ሁለት መዝገብ አስቀርቦ መመርመር ነው። በአንደኛው ዘንድሮ ምን ሰበሰብን ተብሎ ይጻፍ። በሁለተኛው ለሚመጣው ዘመን ምን ዘራን፤ የዘራነውስ በቅሏል ወይ ተብሎ ይጻፍ። የመጀመሪያው መዝገብ ባዶ የሆነበት ቤት ዛሬ ይራባል፤ ሁለተኛው ባዶ የሆነበት ነገ ይራባል። የሁለተኛው ረኀብ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ ስለ ሆነ፤ የጠገበ ሰው አስቀድሞ አያየውም። ስለዚህ ሊመረመር የሚገባው ጎተራው ሙሉ በሆነበት ጊዜ ነው።